«አብሽር፣ ጠፍቷል» የተባለ ኬብል፦ የቀረውን ቻርጅ አፍስሶ ስራ ለመጀመር ዝርዝር መመሪያ

ብሬከሩ ወርዷል። ቁልፉ ፎርማኑ ኪስ ውስጥ ነው። የቮልቴጅ ጠቋሚው አልጮኸም፣ መብራቱም አልበራም። አንዱ «አብሽር፣ ጠፍቷል» ይላል። ሌላው እጁን ወደ ኬብሉ ጫፍ ይሰዳል። ጣ!

ኮምቦልቻ ፋብሪካዎች አካባቢ የሰራ ሰው ይህን ታሪክ በአንድ ዓይነት መልክ ሰምቶታል። እኔ ግን መስማት ብቻ አይደለም፣ አድርጌዋለሁ። አንድ ግቢ ውስጥ 1.2 ኪሎ ሜትር አዲስ ኬብል በ5 ኪሎ ቮልት ሜገር (ቀጥተኛ ቮልቴጅ ልኮ የኬብል ኢንሱሌሽንን በሚፈትን መለኪያ) ለ10 ደቂቃ ለካሁ። ንባቡ አሪፍ ነበር። ክሊፑን ነቅዬ ወደ ሁለተኛው ፌዝ፣ ማለትም ከሶስቱ የኬብሉ ሽቦዎች ወደ ሁለተኛው፣ ዞርኩ። ረዳቴ መሰላል ላይ ሆኖ የመጀመሪያውን ጫፍ በጨርቅ ሊጠርግ ነካው። ከመሰላሉ ወረደ ማለት አይቻልም፣ ተወረወረ። ወለሉ ላይ ተቀምጦ «ጋሼ፣ ጠፍቷል አላሉም እንዴ?» አለኝ። ኬብሉ እኮ ከመስመር ጋር ከነጭራሹ አልተገናኘም ነበር። ቻርጁን የሞላሁት እኔው ራሴ ነኝ።

ይህ መመሪያ 15 እና 33 ኪሎ ቮልት ኬብል ላይ እንዲሰሩ ለሰለጠኑና ፈቃድ ላላቸው ነው። የቤት መብራት የምትዘረጉ ከሆነ አንብቡት፣ አትሞክሩት። የመስሪያ ቤታችሁ የደህንነት ደንብ ከዚህ የጠበቀ ከሆነ እሱን ተከተሉ።

## በመጀመሪያ፦ ምን እየተሳሳትን ነው?

ኬብል ማለት ረጅም ካፓሲተር፣ ቻርጅ የሚያከማች ዕቃ ነው። መሃሉ ላይ መዳብ ወይም አሉሚኒየም፣ ዙሪያውን ኢንሱሌሽን (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ሽፋን)፣ ከላዩ የመዳብ ስክሪን (መሸፈኛ)። ብሬከሩ ሲከፈት መሃል ላይ የነበረው ቻርጅ መሄጃ የለውም፤ እዚያው ይቀመጣል። ያውም በከፍተኛው ነጥብ ላይ ነው የሚያዘው፤ ባዶ ኬብል ላይ ከረንቱ ዜሮ የሚሆነው ቮልቴጁ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነውና። 15 ኪሎ ቮልት መስመር ላይ ይህ በአንድ ፌዝ ወደ 12 ኪሎ ቮልት ይሆናል። 33 ላይ ወደ 27።

የአንድ ኪሎ ሜትር የ15 ኪሎ ቮልት ኬብል ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅም) እንደ ውፍረቱ ከ0.2 እስከ 0.4 ማይክሮ ፋራድ ገደማ ነው። 0.3 ብንወስድ የተቀመጠው ጉልበት 22 ጁል አካባቢ ይመጣል። ሶስት ኪሎ ሜትር ሲሆን ከ65 ያልፋል። በሙያው 10 ጁል አደገኛ፣ 50 ጁል ደግሞ ሰው የሚገድል ተብሎ ይያዛል። የእኔ ረዳት የነካው ከ5 ጁል በታች ነበር። ለመወርወር በቅቷል።

ብዙ ሰው የሚወድቅባቸው ሶስት ነገሮች አሉ።

ጠቋሚውን ማመን። በየኪሱ የምንይዘው የሚጮህ ጠቋሚ የሚሰማው ተለዋዋጭ ከረንትን ነው፤ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰውን። የቀረ ቻርጅ ግን ቀጥተኛ ነው፣ አይመላለስም። ስለዚህ ጠቋሚው 12 ሺህ ቮልት አጠገብ ቆሞ ዝም ይላል። አርኤምዩ (የኬብል መቀያየሪያ ካቢኔ) ፊት ላይ ያሉት ሶስት ትንንሽ መብራቶችም ያው ናቸው።

«አጭር ኬብል ነው፣ እስካሁን ፈሷል» ማለት። ርዝመቱ ሲያጥር ቻርጁ ያንሳል፤ በኢንሱሌሽኑ በኩል የሚሾልክበት መንገድም በዚያው ልክ ይጠባል። የሚፈጀው ጊዜ ስለዚህ ያው ነው። ጤናማ ኤክስኤልፒኢ (የፕላስቲክ ኢንሱሌሽን ያለው) ኬብል ለሰዓታት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ኬብሉ ጥሩ በሆነ ቁጥር ብሶበታል።

አንዴ ኧርዝ (ቻርጁን ወደ መሬት የሚወስድ ገመድ) ነካ አድርጎ ማንሳት። ይሄ ዋናው ነው። ኢንሱሌሽኑ የተወሰነ ቻርጅ ወደ ውስጡ ይመጥጣል። ጫፉን ኧርዝ ስታስነኩት ላዩ ላይ ያለው ይፈስሳል፣ ኧርዙን ስታነሱ የተመጠጠው ቀስ እያለ ይመለሳል። የተመለሰው ጥቂት በመቶ እንኳ ቢሆን፣ የ12 ሺህ ጥቂት በመቶ መቶዎች ቮልት ነው። የኬብል ቻርጅ እንደ ወሎ ቡና ነው። አቦል ጠጥቶ የሚነሳ የለም፤ ቶናውም በረካውም ይጠበቃል።

## ደረጃ 1፦ ዝግጅት

ዕቃው ሳይሟላ አትጀምሩ። የሚያስፈልገው ይህ ነው፦

- ለኬብሉ ቮልቴጅ የተሰራ ማፍሰሻ ዘንግ፣ ውስጡ ሬዚስተር ያለው
- ቀጥተኛ ቮልቴጅም የሚያሳይ የሃይ ቮልቴጅ መለኪያ ዘንግ
- የ50 ኸርዝ ጠቋሚና መሞከሪያው
- ሶስት ክላምፕና አንድ የኧርዝ ጫፍ ያለው የኧርዝ ገመድ፣ ለሁለቱም የኬብል ጫፎች ሁለት ስብስብ
- የጎማ ጓንት፦ ለ15 ኪሎ ቮልት ክላስ 2፣ ለ33 ክላስ 4፣ ከላዩ የቆዳ መደረቢያ
- የፊት መሸፈኛ፣ የማይቀጣጠል ልብስ፣ ቁልፎችና ማስጠንቀቂያ ታግ

ጓንቱን ከአንገቱ ጠቅልላችሁ አየር አስይዙና ጆሯችሁ ጋ አቅርባችሁ ጨመቅ አድርጉት። ስስስ ካለ ጣሉት። መለጠፍ የለም።

የኧርዝ ገመዱ ቀጭን የቤት ሽቦ እንዳይሆን። በስህተት መስመሩ ቢበራ ብሬከሩ እስኪወርድ ያለውን ሾርት መሸከም አለበት። ምን ያህል ሚሊ ሜትር ስኩዌር እንደሚበቃ የሚወስነው የሰብስቴሽኑ የሾርት ከረንት ነው፤ ከኢንጂነሩ ጠይቁ።

ዘንጉን በደረቅና ንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። በክረምት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ጉሙ መኪናው ላይ የጫናችሁትን ሁሉ ያረጥበዋል። ውሃ የያዘ ዘንግ ዘንግ አይደለም፣ ሽቦ ነው። ከፍታውንም አትርሱ። ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናቸው። ከ1,000 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ የአየር ኢንሱሌሽን 1 በመቶ ያህል ይደክማል። ለባህር ጠለል የተጻፈ የመራቂያ ርቀት ደሴ ላይ አይበቃም፤ ከ15 በመቶ በላይ ጨምሩበት።

የሰው ነገር፦ ቢያንስ ሁለት ሰው፣ በሁለቱ የኬብል ጫፎች ከተሰራ ደግሞ አንድ ሰው በየጫፉ፣ በስልክ ወይም በሬዲዮ የተገናኘ። ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። የአምቡላንስ ቁጥር ስልካችሁ ላይ ከወዲሁ ይመዝገብ።

## ደረጃ 2፦ አጥፉ፣ ቆልፉ

1. የኬብሉን ስምና ቁጥር ከነጠላ መስመር ስዕሉ ላይ አንብቡ። ስዕሉ አሮጌ ከሆነ በእግራችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ።
2. ጭነቱን አውርዱ፣ ብሬከሩን ክፈቱ፣ ከዚያ አይሶሌተሩን (መስመሩን የሚነጥለውን ስዊች)። ብሬከር ብቻ መክፈት መነጠል አይባልም።
3. ሌላኛውን ጫፍም እንዲሁ።
4. እያንዳንዱ ሰራተኛ የራሱን ቁልፍ ይዝጋ፣ መክፈቻውን ራሱ ይያዝ። «ፎርማኑ ጋ ነው» አይሰራም፤ ፎርማኑ ምሳ ይወጣል።

## ደረጃ 3፦ ከጀርባ የሚመጣውን ዝጉ

መብራት ሲጠፋ ኮምቦልቻ ላይ የመጀመሪያው የሚሰማው ድምጽ የጄኔሬተር ነው። በመስመርና በጄኔሬተር መካከል የሚቀያይረው ስዊች በትክክል ካልተቆለፈ 380 ቮልቱ በትራንስፎርመሩ ወደኋላ ሄዶ 15 ኪሎ ቮልት ይሆናል። ይህ የቀረ ቻርጅ አይደለም፣ ሕያው መስመር ነው፤ ስታፈስሱት አያልቅም። ጄኔሬተሩ ያለበት ክፍል ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። የትራንስፎርመሩን የሎ ቮልቴጅ ብሬከርም ቆልፉ።

ፋብሪካው የፓወር ፋክተር ማስተካከያ ካፓሲተር ካለው ጠብቁ። ሃይ ቮልቴጅ ካፓሲተር በውስጡ ባለው ሬዚስተር ወደ 75 ቮልት ለመውረድ እስከ 10 ደቂቃ ይፈልጋል፣ የሎ ቮልቴጁ እስከ 3 ደቂቃ። ያም ሬዚስተሩ ደህና ከሆነ ነው። ከጠበቃችሁ በኋላም እንደ ኬብሉ ኧርዝ አድርጉት።

## ደረጃ 4፦ ቮልቴጅ መኖር አለመኖሩን ፈትሹ

1. ጠቋሚውን በመሞከሪያው ላይ ፈትሹ። መጮህ አለበት።
2. ሶስቱንም ፌዝ አንድ በአንድ ንኩ።
3. ወዲያው መሞከሪያው ላይ ድገሙት። መሃል ላይ ባትሪው አልቆ ሊሆን ይችላል።
4. ዝም ካለ፣ የምታውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መስመሩ አልበራም። ቻርጁ ገና አለ ብላችሁ ቀጥሉ።
5. ቀጥተኛ ቮልቴጅ በሚያሳየው መለኪያ እያንዳንዱን ፌዝ ለኩና ጻፉት።

ተራ መልቲሜትር በፍጹም አይግባ። አብዛኛው የተሰራው ለ1,000 ቮልት ነው፤ 12 ሺህ ሲነካው እጃችሁ ውስጥ ይፈነዳል።

## ደረጃ 5፦ አፍስሱ

በጥንቃቄ የሚነበበው ክፍል ይህ ነው።

አርኤምዩ ካላችሁ በእጅ ከመጠጋት በፊት የኧርዝ ስዊቹን ዝጉ። ለዚህ ነው የተሰራው፤ በሩ ተዘግቶ፣ እናንተ ከውጭ ሆናችሁ ያፈስሳል። ከዚያ በኋላ ነው ዘንጉ የሚመጣው። የኧርዝ ስዊች ከሌለ በቀጥታ ከዚህ ጀምሩ፦

1. የዘንጉን የኧርዝ ጫፍ መጀመሪያ እሰሩ። የት? የጣቢያው የኧርዝ ባር ላይ፣ ከኬብሉ ስክሪን ጋር መገናኘቱን አረጋግጣችሁ። ቻርጁ የተቀመጠው በመሃሉ መዳብና በስክሪኑ መካከል ነው፤ መመለስ የሚፈልገው ወደ ስክሪኑ ነው። ደሴ ተዳፋት ላይ ድንጋያማ አፈር ውስጥ ካስማ ተክላችሁ እሱን ብቻ ብታምኑ፣ በበጋ ደርቆ ምንም ላያፈስስ ይችላል። ካስማ ከተከላችሁ ከስክሪኑ ጋር በገመድ አያይዙት።
2. ማሰሪያውን በእጅ ወዝወዝ አድርጉ። ዝገትና ቀለም ካለ በብሩሽ አጽዱ።
3. ዘንጉን ከእጅ መጠበቂያው ቀለበት በታች ያዙ። ገመዱ ሰውነታችሁን እንዳይነካ ወደ ጎን አድርጉት።
4. ፊታችሁን ዘወር አድርጉ። ብቻችሁን አትሁኑ፣ ግን ሁለት ሰው አንድ ዘንግ አይያዝ።
5. የሬዚስተሩን ጫፍ ወደ መጀመሪያው ፌዝ አስጠጉ። ትንሽ ብልጭታና ድምጽ ይኖራል፤ ደንግጣችሁ አታንሱ። ይዛችሁ ቆዩ።
6. መለኪያው ወደ ዜሮ ሲወርድ ሬዚስተር የሌለውን መንጠቆ አስነኩ። አሁን ቀጥታ ኧርዝ ነው።
7. ሁለተኛው ፌዝ፣ ሶስተኛው ፌዝ፣ ያልተያያዘ ትርፍ ኮር ካለ እሱም። እያንዳንዱን ለብቻ። የአንዱ መፍሰስ ለሌላው አይሆንም።

ሬዚስተሩን ዘልለን በቀጥታ ብናስነካስ? ይፈስሳል፣ በጩኸት። ግን ድንገተኛው ከረንት ኬብሉ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚላተም ሞገድ ይፈጥራል፣ የደከመ ጆይንት (የኬብል መገጣጠሚያ) ካለም ይጨርሰዋል። ኬብሉን ለመጠገን ሄዳችሁ አዲስ ብልሽት ጨምራችሁ ትመለሳላችሁ። በፒንሳ ወይም በካቻቢቴ አጫጭሮ ማፍሰስን እንደ ጀግንነት የሚያወራ አለ። እንዲህ ያለ ሰው ቡድኔ ውስጥ አላስገባም።

«ትራንስፎርመር ተያይዞበታል፣ በእሱ ፈሷል» የሚልም ይገጥማችኋል። አብዛኛው የማከፋፈያ ትራንስፎርመር በሃይ ቮልቴጅ በኩል ዴልታ ነው፤ ሶስቱ መጠምጠሚያዎች በሶስት ማዕዘን የተያያዙበት። ዴልታ ሶስቱን ፌዞች እርስ በርስ ያስተካክላል፣ ከኧርዝ ጋር ግን አያገናኝም። ሶስቱም እኩል ቻርጅ ይዘው ይቀመጣሉ። በፌዝና በፌዝ መካከል ብትለኩ ዜሮ ይላል፣ ከኧርዝ ጋር ብትለኩ ሌላ ነው።

## ደረጃ 6፦ ኧርዙን አስራችሁ ተዉት

ዘንጉ ማፍሰሻ ነው፣ ኧርዝ አይደለም። ዘንጉ ገና ፌዙ ላይ እያለ የኧርዝ ገመዱን አስገቡ።

1. የኧርዝ ጫፉ መጀመሪያ ባሩ ላይ ይታሰር።
2. ከዚያ ክላምፑ በዘንግ ፌዙ ላይ። በእጅ አይደለም።
3. ሶስቱንም ፌዝ። ከኧርዝ ጋር፣ እርስ በርሳቸውም ሾርት ሆነው።
4. ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ሰው እንዲሁ ያድርግ። «አድርጌያለሁ» ብሎ በአፉ ይናገር፤ በጭንቅላት ንቅናቄ አይሆንም።
5. ማሰሪያዎቹን ቁጠሩና ወረቀት ላይ ጻፉ። ስንት እንዳሰራችሁ በኋላ ያስፈልጋችኋል።

ከዚህ በኋላ ነው እጅ የሚነካው። ኧርዙ ስራው እስኪያልቅ አይነሳም። ለምሳ ስትወጡም፣ ለሻይም። በስራው መካከል ጫፉን ለማዘጋጀት ክላምፑን ማንሳት የግድ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ላይ ኧርዝ ጨምሩ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን አንሱ። ቶናው የሚመጣው በዚያች መካከል ባለችው ደቂቃ ነው።

## ደረጃ 7፦ ኬብል መቁረጥ ካለ

ጉድጓድ ውስጥ አራት ኬብል አብረው ተኝተው የትኛው የትኛው እንደሆነ በቀለም አይታወቅም፣ ሁሉም በጭቃ አንድ ሆኗል። በኬብል መለያ መሳሪያ ሲግናል ልካችሁ ለዩት። ከዚያም በርቀት በሚሰራ መውጊያ ወይም መቁረጫ ብቻ ቁረጡ፣ ሰው ሁሉ ከጉድጓድ ወጥቶ።

እዚህ ላይ የማይታሰብ አንድ ወጥመድ አለ። ኧርዙ አንድ ጫፍ ላይ ብቻ ከሆነና ኬብሉን መሃሉ ላይ ከቆረጣችሁት፣ የወዲያኛው ግማሽ ኧርዝ አልባ ሆኗል። የተመጠጠው ቻርጅ እዚያ ይመለሳል፣ አጠገቡ ካለ ሕያው ኬብልም ቮልቴጅ ይሰበስባል። ከቆረጣችሁ በኋላ ሁለቱንም የተቆረጡ ጫፎች እንደ አዲስ፣ ከደረጃ 5 ጀምሩባቸው።

## ደረጃ 8፦ ከሜገር በኋላ

ጥገናው አለቀ፣ ሁሉም ደክሟል፣ የኮምቦልቻ ሙቀት አናት ላይ ወጥቷል። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ነው፤ መስመሩ አለመብራቱን ሁሉም ስለሚያውቅ ማንም ቻርጅ አይጠረጥርም።

1. ከመለካታችሁ በፊት ሌላኛው ጫፍ ላይ ጠባቂ አቁሙ፣ በገመድ እጠሩ።
2. የማይለኩት ፌዞች ሁሉ ኧርዝ ላይ ይሁኑ።
3. ለኩ። የፈጀውን ጊዜ ያዙ።
4. ሜገሩን አጥፉ፣ ክሊፑን ግን አትንቀሉ። አዲሶቹ ሜገሮች ራሳቸው ያፈስሳሉ፣ ቮልቴጁ ሲወርድም በሜገሩ ማሳያ ላይ ይታያል። እኔ ያኔ የነቀልኩት ይህ ሳያልቅ ነው።
5. ዜሮ ሲል በዘንግ ኧርዝ አድርጉ፣ ክላምፕ እሰሩ፣ ከዚያ ክሊፑን ንቀሉ።
6. ቢያንስ የፈተናውን ጊዜ አራት እጥፍ ኧርዝ ላይ ይቆይ። 10 ደቂቃ ከለካችሁ 40 ደቂቃ። በከፍተኛ ቀጥተኛ ቮልቴጅ ከፈተናችሁ ከዚህም በላይ አቆዩት። ያረጀ ኤክስኤልፒኢ ላይ ግን ይህን ፈተና ባታደርጉት ይሻላል፤ ኢንሱሌሽኑ ውስጥ የሚቀረው ቻርጅ መስመሩ ሲበራ ኬብሉን ሊበሳው ይችላል።

## ደረጃ 9፦ መልሶ ማብራት

ክላምፖቹን ከፌዙ በኩል መጀመሪያ፣ ከኧርዙ በኩል መጨረሻ አንሱ። ከተገለበጠ የገመዱ ነጻ ጫፍ እጃችሁ ላይ ቻርጅ ይዞ ይመጣል። ያነሳችሁትን ቁጠሩ፣ ደረጃ 6 ላይ ከጻፋችሁት ጋር አስተያዩ። አንድ ከጎደለ ብሬከሩ አይነካም። ቁልፉን እያንዳንዱ የራሱን ይክፈት።

## ነገሩ እንዳሰባችሁት ካልሄደ

ኧርዝ አድርጌ ሳነሳ ቮልቴጁ ቀስ እያለ ይመለሳል። የተመጠጠው ነው። መልሳችሁ እሰሩ፣ ጊዜ ስጡት፣ እንደገና ለኩ።

ወዲያው፣ በሙሉ መጠኑ ይመለሳል፣ ጠቋሚውም ይጮሃል። ይህ ቻርጅ አይደለም። ወይ አጠገቡ ያለ ሕያው ኬብል እያስተላለፈ ነው፣ ወይ ከጀርባ ጄኔሬተር አለ። ስራ አቁሙ፣ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ብልጭታው አያቆምም። ሕያው መስመር ነው። ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አርቁ፣ ሁሉም ይውጣ፣ ስራውን ለሚቆጣጠረው ክፍል ደውሉ።

ምንም ብልጭታ የለም፣ መለኪያው ግን ቮልቴጅ ያሳያል። የዘንጉ ኧርዝ ተቋርጧል ወይም ሬዚስተሩ ተቃጥሏል። ዘንጉን ቀይሩ። ዜሮ ነው ብላችሁ አትገምቱ።

ስክሪኑ ተሰርቆ ወይም ተቆርጦ አገኘን። ከቆረጣው በሁለቱም በኩል ያለውን ስክሪን እንደ ፌዝ ቁጠሩት። በዘንግ ኧርዝ አድርጉ፣ በባዶ እጅ አትያዙ።

## ሰው ከተነዘረ

1. አትንኩት። መጀመሪያ ኬብሉን በዘንግ ኧርዝ አድርጉ። አንዴ የነዘረ ኬብል ሁሉን አልጨረሰም፣ በሶስቱ ፌዝም ሊኖር ይችላል።
2. ከተወረወረ አንገቱን አታንቀሳቅሱ።
3. መልስ ካልሰጠና በደንብ ካልተነፈሰ አምቡላንስ ይደወል፣ ደረቱን መጫን ጀምሩ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ ለሰለጠነ ሰው 30 ጭነት በ2 ትንፋሽ። እርዳታ እስኪደርስ አታቋርጡ።
4. ተነስቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሐኪም ይየው። ቆዳ ላይ ትንሽ ነጥብ ብቻ ታይቶ ውስጡ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ የልብ ምቱም መታየት አለበት።
5. አብራችሁ ሂዱና ለሐኪሙ ሶስት ነገር ንገሩት፦ የኬብሉን ቮልቴጅ፣ የተነዘረበትን ሰዓት፣ በየት ገብቶ በየት እንደወጣ። ከቀኝ እጅ ወደ ግራ እጅ ከሆነ ይህን ቀድማችሁ ተናገሩ።